የድንቡሼ የመጨረሻ ገጽ

ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰገነት፤

ሰላምታዬ ባሕሩን በዋና ተሻግሮ፣ የጦሳን ዳገት በእግሩ ወጥቶ፣ ደጅዎ ላይ ጫማውን ጠርጎ ይግባ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እርስዎንም አላህ በጤና ያቆይልኝ።

እትዬ፣ በዚህ በሎስ አንጀለስ ከተማ ከእኔ የተሻለ አማርኛ የሚያነብ ሰው የለም። ደህና፣ ጋሼ አስፋው አሉ፤ ግን ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ከእኔ ጋር አላወዳድራቸውም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ታክሲ የሚነዱም ሞልተዋል። እነሱንም እንተዋቸው። ከማታ ተማሪዎቹ መካከል ግን አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሀቢብ ነው፤ እሱም ትምህርቱ ላይ ስለሚተኛ ነው እንጂ ሳይበልጠኝ አይቀርም።

ይኼን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው! እስከ ዛሬ የላክሁልዎትን ሁሉ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍልኝ፤ ቁም ነገር ብቻ የነበረበት ለዚያ ነው። መሠረተ ትምህርት አገሩን ሲያዳርስ እኔ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ደሴ ሲመዘግቡ ባቲ ነኝ፣ ባቲ ሲመዘግቡ ሚሌ ነኝ። ፊደል ሲያሳድደኝ ኖሮ አሜሪካ ድረስ መጥቶ ያዘኝ።

ትምህርት ቤታችን የሃጂራ ጓዳ ነው። ሃጂራ የባቲ ልጅ ናት፤ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ታክሲ ነጂው ሁሉ ምሳውን እሷ ዘንድ ይበላል። ሲመሻሽ ገበያው ሲቀዘቅዝ እኛ የምስር ጆንያ ላይ እንቀመጥና ጋሼ አስፋው ካርቶን ላይ ይጽፉልናል። ቀን ቀን እኔ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ያልነዳሁት የመኪና ዓይነት የለም፤ ሁሉንም ግን ከበሩ እስከ አጥሩ ብቻ ነው የነዳሁት።

አንድ ጉድለት ግን አለብኝ። በልቤ ማንበብ አልችልም። ጋሼ አስፋው «በልብህ! በልብህ!» እያሉ ይቆጡኛል። ልቤ ግን ፊደል አልቆጠረም፤ የተማረው አፌ ነው። ድምፅ ካላወጣሁ ፊደሉም ዝም ይለኛል። አውቶቡስ ውስጥ ማስታወቂያ ሳነብ ሰው ከአጠገቤ ይነሳል።

አሁን ወደ ልመናዬ። እዚህ የማነበው አጣሁ። ጋሼ አስፋው ያላቸው ዳዊት ብቻ ነው፤ ሀቢብና እኔ ደግሞ በእሱ በኩል ሌላ ኢማም አለን። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «የአጎቴ ልጅ ሰገነት ለልጆች ተረት ጻፈች፣ ሥዕሉንም ራሷ ሣለችው» እያለች በየለቅሶው ታወራ ነበር። ያ መጽሐፍ ካለ ይላኩልኝ። ባለሥዕል ከሆነ ፊደሉ ሲከብደኝ ሥዕሉ ይረዳኛል።

ልጅዎን ጳውሎስን አልፎ አልፎ ሃጂራ ቤት አየዋለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ዌስትቼስተር በሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ታክሲ ይነዳል። ደህና ነው፣ ወፍሯል። አይ፣ አልወፈረም፤ ጃኬቱ ነው።

ፊደል የቆጠረው የእህትዎ ልጅ
ዘይኑዲን


ደሴ፣ ጥር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘይኑዲን፤

አምላክ ከክፉ ሰውና ከክፉ መኪና ይሰውርህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፊደሎችህ እንደ ገበያ ሰው ይጋፋሉ፤ ግን የሚሉት ይሰማል። በርታ።

ስለ ጳውሎስ የጻፍካትን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ከሱዳን አንድ ደብዳቤ ከላከልኝ ወዲህ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። አሜሪካ መግባቱን ከሰው ነው የሰማሁት፤ ደህና መሆኑን ያወቅሁት ግን ካንተ ነው። ጃኬቱ ምን ዓይነት ነው? ወፍራም ነው? እዚያ ብርድ አለ?

መጽሐፉን ልኬልሃለሁ። ቤቴ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቅጂ እሷ ስለሆነች እጅህን ታጥበህ ያዛት። በ1956 የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሳለሁ ነው የሠራኋት። ያኔ ለሕፃናት የነበረን መጽሐፍ ሥዕሉ የፈረንጅ ልጅ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ነበር፤ ልጆቼ በረዶውን ጥጥ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እኔ የእኛን አጥር፣ የእኛን ድመት፣ የእኛን ልጅ ልሣልላቸው አልኩ። ሥዕሉን በመርፌ ስቴንስል በሚባለው የሰም ወረቀት ላይ ጭሬ በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዛሁት። ዳይሬክተሩ አገላብጦ አየና «ሥዕሉን ማን ሣለልሽ?» አለኝ። እኔ ነኝ ብለው ሳቀ። «ተረቱንስ?» አለኝ። ሴት ተረት ትናገራለች እንጂ ትጽፋለች ብሎ ማን ያስባል። ሽፋኑ ላይ «በትምህርት ቤቱ የተዘጋጀ» ተብሎ ወጣ፤ ስሜ የለበትም። ቢሆንም የደሴ ልጅ ሁሉ በእሷ ነው ያነበበው።

አንተም አንብባት። ስትጨርስ ለጳውሎስ ስጠው። በእጁ፣ ሰው በሌለበት። «እናትህ ልካታለች» በለው፤ ሌላ አትጨምር። ምን እንዳለህ ጻፍልኝ።

ከቻልክ ባለቀለም እርሳስ ላክልኝ። ቢጫው እንዳይቀር። ቢጫ የሌለው ንብ ዝንብ ይመስላል።

በልብህ ማንበብም ተማር።

እናትህ ሰገነት


ሎስ አንጀለስ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰገነት፤

አላህ እጅዎን ይባርክ፤ ሰላምታዬም በሁለት እጄ ይድረስዎ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። መኪናው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፓርክ ልሁን አለ።

እትዬ፣ ስምዎ ፌርፋክስን አጥለቅልቆታል! መጽሐፉ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው፤ ምሳ ሰዓት ሃጂራ ቤት ሄጄ እጄን ታጠብኩ፣ እንዳዘዙኝ። አንድ ገጽ ብቻ ልቅመስ ብዬ ከፈትኩት። ሀቢብ «ምንድን ነው?» አለ። «መጽሐፍ ነው፤ አንተን አይመለከትህም» አልኩት። ከዚያ ጀመርኩ። «ድንቡሼ የሚባል ልጅ ነበረ። ለእንግዳ የተቀመጠውን ማር ላሰ። ማን ላሰው ቢሉት፣ ድመቷ አለ። ድመቷም ተገረፈች።» ዙሪያዬ ያሉት ታክሲ ነጂዎች ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሃጂራ ከጓዳ ወጥታ «ምስኪን ድመት!» አለች። «ንቦች ግን ማራቸውን ያውቁታልና መጥተው አፉን ነደፉት» ስል አንዱ ጠረጴዛውን ደበደበ። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያ ያበጠ ከንፈር፣ ያ አንድ የተጨፈነ ዓይን፤ ወይ ሥዕል! «ይኼን የሣለው በሕይወት አለ?» አለኝ አንዱ። «አለች፤ ዘመዴ ነች» አልኩት፤ ሻይ ጋበዘኝ።

ጳውሎስም መጣ። መጽሐፉን ሰጠሁት። ሥራ ነበረበት መሰለኝ፣ ምሳውን ሳያዝዝ ወጣ።

እርሳሶቹን ልኬያለሁ። ቢጫውን ሁለት አደረግሁት።

ዘይኑዲን


ደሴ፣ ሰኔ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይኑዲን፤

ሰላም ለአንተ፣ ለሃጂራና ለጎረቤቶችህ ይሁን። እርሳሶቹ ደርሰውኛል፤ ተባረክ። ቢጫውን ለጎረቤቴ ለሰርክ የልጅ ልጅ ሰጠሁት። ሌላ ጊዜ ከላክህ ጥቁር ይሁን፤ ወፍራም ጥቁር።

ልጄ፣ ስለ ሳቅ ብዙ ጻፍክ። ስለ ጳውሎስ የጻፍከው ግን ምሳውን ሳያዝዝ ወጣ የሚል ነው። ሠላሳ ዓመት ልጅ አስተምሬአለሁ፤ ልጅ የሚዋሸው በሚናገረው ብቻ አይደለም። «ሰው በሌለበት» ብዬህ ነበር። ከሳቁት ውስጥ የደሴ ሰው ነበረ? ጳውሎስን በምን ስም ጠሩት?

አዲስ ገጽ ልኬልሃለሁ። ያነበብከው የተረቱ መጨረሻ «ከዚያ ወዲያ ድንቡሼን ያጫወተው ልጅ የለም፤ እስከ ዛሬ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል» ይላል። ቀይሬዋለሁ። ልጆቹ ወጥተው የአጥሩን በር ይከፍቱለታል። ምክሩም ተቀይሯል። በፊት «የዋሸ አፍ ቢዘገይም ያብጣል» ነበር፤ አሁን «ያበጠም አፍ ይበርዳል» ሆኗል። ይኼን ገጽ ስጠውና በድሮው ገጽ ላይ ይለጥፈው።

መስመሮቹ ትንሽ ተደራርበዋል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው።

መልስህ እንዳለፈው አይዘግይ።

ሰገነት


ሎስ አንጀለስ፣ መስከረም 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰገነት፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። ዘግይቻለሁ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ይኼን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የደሴ ሰው ነበረ። አድማሱ ይባላል። ከጳውሎስ ጋር አንድ ክፍል ነበሩ አሉ። መጽሐፉ እሱ ጋ ሲደርስ ሥዕሉን አየና «ቆይ ቆይ፣ ይኼን ልጅማ አውቀዋለሁ!» ብሎ ተነሳ። «ይኼ እኮ ጳውሎስ ነው! የመምህርት ሰገነት ልጅ! እዚያ ስሙን ማን ይጠራው ነበር፣ ድንቡሼ እየተባለ ነው ያደገ!» እኔ ይኼን አላውቅም ነበር፤ በአላህ ስም አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ መጽሐፉን ሽንት ቤት ገብቼ ነበር የማነበው።

ጳውሎስ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሟል። ስንት እንደሰማ እንጃ። አድማሱ አየውና «ሃጂራ፣ የማር ማሰሮሽን ደብቂ፣ ድንቡሼ መጣ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ፊቱን ያየሁት ሳቄ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ወደቆምኩበት መጣ፣ እጁን ዘረጋ፣ መጽሐፉን ከአድማሱ ተቀብዬ ሰጠሁት። «እናትህ ልካታለች» አልኩት። እርስዎ ያዘዙኝን ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ምንም ሳይለኝ ወጣ። ሃጂራ ሁላችንንም ሰደበችን፤ እኔን ግን ለብቻ፦ «አንተ፣ አፍህን ዘግተህ ማንበብ ካልቻልክ መጽሐፉን ዝጋ አይባልም?»

አድማሱም ታክሲ ነጂ ስለሆነ ነገሩ አውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ላይ ተከተለው። አሁን የኛ ሰው ብቻ አይደለም የሚጠራው። የፓኪስታኑም የአርመኑም ነጂ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ፣ «ድምቡሺ!» ይለዋል። ጳውሎስ ታክሲውን ተወ። ዌስትቼስተር ብሄድ ለቋል። ሎንግ ቢች ወደብ መጋዘን ገብቷል አሉኝ።

ገጹን ይዤ ሄድኩ። ሎንግ ቢች ሩቅ ነው፤ አውቶቡስ ቀያየርኩ። የምሳ ሰዓታቸውን ጠብቄ በሩ ላይ አገኘሁት።

«ደግሞ ምን ልታነብልኝ መጣህ?» አለኝ።

«አላነብም። አንተው እየው። አዲስ ገጽ ነው። ልጆቹ በሩን ከፍተውልሃል።» ምላሴን ነከስኩ። «ማለቴ ከፍተውለታል።»

ሳይነካው ከሩቁ አየው። «ሶ፣ አሁን ይቅር አለችኝ?»

«ምን ጥፋት አለብህና?»

«እሷን ጠይቃት።» ከዚያ ሳንድዊቹን ጠቅልሎ አስቀመጠና «ማሩን ልሻለሁ» አለኝ። «ድመቷ ናት ብዬም ዋሽቻለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ዘይኑ። ቀፎው ጋ ሄጄ ስነካካ ነደፉኝ። አፌ አብጦ እያለቀስኩ ወደ እሷ ሮጥኩ። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ተቀመጥ፣ እንዳትነካው አለችኝ። ወረቀትና እርሳስ አመጣች። እብጠቱ ሳይበርድባት ልትሥለኝ። እስክትጨርስ ጭቃ እንኳ አልቀባችልኝም። ከዚያ ያንን ፊት አባዝታ ለአገር በተነችው።»

«ለልጆች ትምህርት ብላ ነው» አልኩት።

«አዎ። ተማሩ። አንተም ተምረህ መጣህ።»

ደወል ተደወለ፤ ገባ። ገጹን አልተቀበለኝም። እኔ ዘንድ አለ፤ እንዳይታጠፍ ፍራሼ ሥር አድርጌዋለሁ።

እትዬ፣ ይኼን ልጻፍልዎ አልጻፍልዎ እያልኩ ነው የከረምኩት። እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠይቅዎትም። ቀልድ ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ የሚሆን ቦታ አጣሁ።

ጥቁር እርሳስ ልኬያለሁ፤ እጅግ ወፍራም ነው።

ዘይኑዲን


ደሴ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘይኑዲን፤

የሰማይ አምላክ ደጅህን ይጠብቅልህ። ይኼን የሚጽፍልኝ የሰርክ እጅ ነው። ሰርክ አብራኝ አስተምራ አብራኝ ጡረታ የወጣች ጎረቤቴ ናት፤ ያንተንም ደብዳቤ ያነበበችልኝ እሷ ናት። ስለዚህ የምለውን ሁሉ ልል አልችልም፤ አንተም በሌላ ሰው እጅ ስታስጽፍ እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ያልጠየቅኸኝን አልመልስም።

መብራት ጠፍቶ አልነበረም። ዓይኔ ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለኝ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል አለ። አሁን በግራዬ በኩል የመስኮቱ ብርሃን ይታየኛል፤ በቀኜ እሱም የለም። ይኼን ለጳውሎስ እንዳትነግረው። አደራ። አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም። ያዘነልኝ ልጅ የታረቀኝ ልጅ አይደለም።

ሌላ ገጽ ልኬልሃለሁ። ያንን በሩ የተከፈተበትን ተወው፤ ፍራሽህ ሥር ይቅር። በተረቱ ውስጥ እናት አልነበረችም። አሁን ጨምሬያታለሁ። ከአጥሩ ውጭ ወጥታ እርጥብ ጭቃ ከንፈሩ ላይ ታደርግለታለች። ከሥር ምክር የለውም። ብዙ አሰብኩ፤ የምጽፈው አጣሁ።

የሣልኩት ራሴ ነኝ። በላክህልኝ ጥቁር እርሳስ፣ አንድ ጣቴን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ ከእሱ እየለካሁ። ሰርክ ልምራሽ ብላኝ እምቢ አልኳት። ሲያልቅ «እንዴት ነው?» ብላት «አምሯል» አለችኝ። የሰርክን ደግነት አውቀዋለሁና አላመንኳትም። (እኔ ሰርክ ይኼን ስጽፍ አፍሬያለሁ። ግን ጻፊ ካለችኝ ምን ላድርግ።) እጇ ከንፈሩ ላይ አርፎ እንደሆነ አንተ እየውና ንገረኝ። እንዳለ ንገረኝ። ከእንግዲህ ያለኝ ያንተ ዓይን ነው፤ እሱም ከዋሸኝ ምንም አይቀረኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለምንልኝ። ፋሲካ በዋለ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቴሌ ሄጄ እቀመጣለሁ። ሰርክ ትወስደኛለች። ከውጭ የሚደወልለት ሰው ስሙ ይጠራል፣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ያነጋግራል። እስኪዘጉ ድረስ እጠብቃለሁ። መናገር ካልፈለገ ይተወው። ሲተነፍስ ብሰማው ይበቃኛል።

እርሳስ አትላክልኝ።

ሰገነት


ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 28 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰገነት፤

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልዎ ስፈልግ ዋልኩ። ሰላም ይሁንልዎ፣ በቃ። እትዬ ሰርክም ሰላም ይሁንልዎ፤ ይኼን የሚያነቡት እርስዎ ስለሆኑ ፊደሌ ቢያስቸግርዎ ይቅር ይበሉኝ።

ሥዕሉ ሳይታጠፍ ደረሰ። አየሁት። እናቲቱ ከአጥሩ ወጥታለች፤ ነጠላዋ መሬት ነክቷል። ልጁ አንገቱን ቀና አድርጓል። እጇም ከንፈሩ ላይ ልክ አርፏል። ጥቁሩ እርሳስ ደግ ነበር።

እሑድ ዕለት ሎንግ ቢች ሄድኩ፤ አሁን ግን መጋዘኑ ሳይሆን ቤቱ። ሃጂራ ዳቦ ሰጥታኝ ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ረሳሁት። ቤቱ ከደረጃ በላይ ነው። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ዘይኑ ነኝ።»

«የሚነበብ ይዘሃል?»

«ፊደል የለበትም። ብትፈልግ ፈትሸኝ።»

ከዚያ በሩን ከፈተ፤ ግን ሰንሰለቱን አላወለቀውም። ሥዕሉን በክፍተቱ አሾለኩለት። ይመልሰዋል ብዬ እጄን እዚያው ዘርግቼ ጠበቅሁ። አልመለሰውም። አንድ ዓይኑና ግማሽ ጉንጩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ብዙ አየው። እኔ መቀለድ አማረኝ፣ እትዬ፤ ዝም ሲባል አልችልም፣ ያውቁኛል። ግን ቻልኩ።

«ማነው የሣለው?» አለኝ።

«እናትህ ነች።»

«እሷ አይደለችም። የእሷን እጅ አውቀዋለሁ።»

«እሷ ነች፣ ጳውሎስ። በሃጂራ እንጀራ እምላለሁ።»

እንደገና አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ «ዓይኗ እንዴት ነው?» አለኝ።

እትዬ፣ እኔ አንዲት ቃል አልነገርኩትም ነበር። አደራዎን ጠብቄ ነበር። ደንግጬ «እንዳልናገር ተከልክያለሁ» አልኩት። ይኼ ራሱ መናገር መሆኑ የገባኝ አውቶቡስ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው። የተማርኩ ሰው መስዬዎት ከሆነ ይኸው።

ከዚያ የቴሌውን ነገርኩት። ፋሲካ በዋለ ማግስት፣ ሰኞ፣ በእናንተ ጠዋት፣ በእኛ ገና እሑድ ማታ። ስምዎ እንደሚጠራ፣ እስኪዘጉ እንደሚጠብቁ፣ ባይናገርም እንደሚበቃዎ ነገርኩት።

«ኦኬ» አለ።

«ኦኬ ማለት እደውላለሁ ማለት ነው?»

«ኦኬ ማለት ሰማሁ ማለት ነው።»

በሩን ዘጋው። ሥዕሉ እሱ ዘንድ ቀረ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ደግሜ ላንኳኳ እጄን አነሳሁ፣ አወረድኩ። ምን ብዬ?

እትዬ፣ እኔ ብደውልስ ብዬ አስቤ ነበር። ያን ሰኞ ስምዎ ሳይጠራ እንዳይቀር፣ እኔው ደውዬ ዝም ብዬ ልተንፍስ ብዬ። ጋሼ አስፋውን ባማክራቸው «እናት የልጇን ትንፋሽ የማታውቅ ይመስልሃል?» አሉኝ። ስለዚህ ስምዎ ከተጠራ የሚደውለው እሱ ነው። ካልተጠራ ምን እንደምልዎ አላውቅም። እትዬ ሰርክ፣ ወፍራም ነገር ያልብሷቸው፤ የቴሌ አዳራሽ ብርድ ነው ይላሉ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ግን ደብዳቤውን ልዘጋው አልቻልኩም። እንዳለ ንገረኝ ብለውኛል። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እንዳየሁትና እንደሰማሁት ነው፤ አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ልደልዛት ብል ወረቀቱ ያስታውቃል። እትዬ ሰርክ፣ ይኼን ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።

እጇ ከንፈሩ ላይ አላረፈም። አልፎት ሄዷል፤ ጭቃውን እንደያዘ ጆሮው አጠገብ፣ ባዶው ላይ ነው የቀረው። ጳውሎስ ዓይንዎን የጠየቀኝ እሱን አይቶ ነው።

ዘይኑዲን